«ከዛፍ ወድቄ ነው» ሲል ሁሉም አመነው



ዛሬ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ልጆች ክትባት አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ ትያትር ነው። «ዶክተሯን ደግሞ ምን ነካት?» እንዳትሉ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ጉዳዩ የጤና ጉዳይ ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት ከአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን አካባቢ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። (ፈቃዷን ጠይቄ፣ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼ ነው የማነሳው።) የ15 ዓመት ልጇ «ዲር ኢቫን ሃንሰን» የሚባል ሙዚቃዊ ትያትር ዘፈኖችን ጠዋት ማታ ታዳምጣለች። ፊልሙንም አይታ ስታለቅስ አድራለች። እናት ታሪኩ ምን እንደሆነ ስታጣራ ራሱን ስላጠፋ ተማሪ መሆኑን ሰማች። «ዶክተርዬ፣ ዘፈኑን ከስልኳ ላጥፋው ወይ? ያልነበረ ሐሳብ ጭንቅላቷ ውስጥ እንዳይገባ ፈራሁ። አባቷ ደግሞ ይሄ የፈረንጅ ልጆች ቅብጠት ነው፣ ከልክያት ይለኛል» አለችኝ።

አጭሩ መልሴ፦ እህቴ፣ አታጥፊው። ረጅሙ መልሴ ከዚህ በታች ያለው ነው፤ ለአንቺ ብቻ ሳይሆን ልጅ ላለው ሁሉ ይሁንልኝ።

ታሪኩን ለማታውቁ

ኢቫን ሃንሰን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ሰው ፊት መናገር ቀርቶ ምግብ ላመጣለት ሰው በር መክፈት የሚያስጨንቀው ልጅ ነው። እኛ ሐኪሞች ይህን ሶሻል አንዛይቲ እንለዋለን፤ ሰው ምን ይለኛል የሚል ኑሮን የሚያውክ ጭንቀት ማለት ነው። አባቱ ትቷቸው ሄዷል። እናቱ ሃይዲ በነርስ ረዳትነት ትሠራለች፣ ማታ ማታ ደግሞ ትማራለች። የሥነ ልቦና ሐኪሙ «ለራስህ የሚያበረታታ ደብዳቤ ጻፍ» ብሎ የቤት ሥራ ሰጥቶታል። የትያትሩ ርዕስ የዚያ ደብዳቤ ሰላምታ ነው፤ «ውድ ኢቫን ሃንሰን» ማለት ነው።

ትያትሩ ሲጀምር የኢቫን እጅ ጀሶ ውስጥ ነው። ትምህርት በተዘጋበት ወቅት ፓርክ ውስጥ ሲሠራ ከዛፍ ወድቆ ተሰብሯል። እናቱ ተማሪዎች ጀሶው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉለት እስክሪብቶ ትሰጠዋለች። የሚጽፍለት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ኮነር መርፊ የሚባል፣ ሁሉም የሚሸሸው ቁጡ ልጅ። ኮነር በዚያው ቀን የኢቫንን ደብዳቤ አግኝቶ ይናደዳል፣ ይዞትም ይሄዳል። ከጥቂት ቀን በኋላ ኮነር ራሱን ማጥፋቱ ይሰማል። ወላጆቹ እሱ ጋ የተገኘውን ደብዳቤ ልጃቸው ለቅርብ ጓደኛው የጻፈው ስንብት ያደርጉታል። ኢቫን «አይደለም፣ የኔ ነው» ለማለት አንደበቱ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ውሸት ውሸትን ይወልዳል። የሐሰት ኢሜይሎች ይጻፋሉ፣ የመታሰቢያ ዘመቻ ይቋቋማል፣ ገንዘብ ይሰበሰባል። ብቸኛው ኢቫን ዝነኛ ይሆናል፤ የሟቹን እህት ይወዳል፣ የሟቹን ቤተሰብም እንደ ቤተሰቡ ይይዛል። በመጨረሻ እውነቱ ይወጣል።

አንዱ የሙዚቃው ደራሲ ቤንጅ ፓሴክ የሐሳቡን መነሻ ተናግሯል። ሁለተኛ ደረጃ ሳለ አንድ ተማሪ ሞተ፤ ከሞተ በኋላ እዚህም እዚያም «ጓደኛዬ ነበር» የሚል ሰው በዛ። እኛም አገር ይህን እናውቀዋለን። በሕይወት ሳለ በሩን ያላንኳኳ ሰው ድንኳኑን ይሞላዋል።

ያለቀሱትና የተቆጡት

ትያትሩ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2015 እዚያው ዋሽንግተን ዲሲ፣ አሪና ስቴጅ ነው። በ2016 መጨረሻ ኒውዮርክ ብሮድዌይ ገባ። በ2017 ምርጥ ሙዚቃዊ ትያትር የሚለውን ጨምሮ 6 የቶኒ ሽልማቶች ወሰደ። እስከ መስከረም 2022 ብሮድዌይ ላይ ቆየ፤ ለንደንም ሄዶ ተሸለመ። አዳራሹ ውስጥ ወላጅና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። ብዙ ወጣቶች «ይሄ ልጅ እኔ ነኝ» አሉ።

ሌሎች ግን ተቆጡ። «የሞተን ልጅ መነገጃ ያደረገ ውሸታም እንዴት ጀግና ይሆናል? በዘፈን አስለቅሳችሁ ይቅር አስባላችሁን። ኮነር የት አለ? የሞተው እሱ፣ የሚታዘንለት ኢቫን!» በ2021 ፊልሙ ሲወጣ ቁጣው ባሰ፤ አብዛኞቹ ሃያስያን አጣጣሉት። ማኅበራዊ ሚዲያው ደግሞ ለቀናት ያወራው ዋናው ተዋናይ ቤን ፕላት በ27 ዓመቱ የትምህርት ቤት ልጅ ሆኖ መቅረቡን ነበር። ስለ ፀጉሩ ስንት ተቀለደ! ራሱን ስላጠፋ ተማሪ የሚናገር ፊልም ወጥቶ፣ መነጋገሪያው የተዋናዩ ፀጉር ሆነ።

የፊልሙ ሠሪዎች ወቀሳውን የሰሙ ይመስላል። በመድረክ ላይ ኢቫን እውነቱን የሚናገረው ለኮነር ቤተሰብ ነው፤ እነሱም ለማንም አያወጡበትም። በፊልሙ ግን በቪዲዮ ለሕዝብ ይናዘዛል። ማለትም «በቂ ቅጣት አላገኘም» ለሚሉት ቅጣት ተጨመረላቸው።

እንግዲህ ጠቤ እዚህ ላይ ነው። ያለቀሰውም የተቆጣውም የተከራከረው «ኢቫን ይቅር ይባላል ወይስ አይባልም?» በሚለው ነው። ፍርድ ቤት አስመሰሉት። እኔ ሐኪም ነኝ፤ ትያትሩን ስከታተል ዓይኔ ከአንድ ነገር ላይ አልተነሳም። ከጀሶው።

ሁለተኛው ጥያቄ

ኢቫን «እጅህ ምን ሆነ?» ሲባል «ከዛፍ ወድቄ ነው» ይላል። ሁሉም ያምነዋል፤ አንዳንዱም ይስቅበታል። ታሪኩ ሊያልቅ ሲል ግን የምንረዳው ሌላ ነው። ልጁ አልወደቀም። ሆን ብሎ እጁን ለቀቀ። መሞት ፈልጎ ነበር።

እስቲ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማን ማን እንዳየው እንቁጠር። ስብራቱን ያከመው ሐኪም አይቶታል። ጀሶውን ያሰረው ባለሙያ አይቶታል። የሥነ ልቦና ሐኪሙ አይቶታል። እናቱ አይታዋለች፣ ያውም ጤና ተቋም የምትሠራ እናት። መምህራኑ አይተውታል። አጥንቱ ታይቶ ታክሟል። «ብቻህን ዛፍ ላይ ምን ትሠራ ነበር? እንዴት ወደቅክ? የዚያን ቀን ስሜትህ እንዴት ነበር?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ግን ትያትሩ ውስጥ ከእነዚህ ከማንኛቸውም አፍ አልሰማሁም። የመጀመሪያው መልስ ሁሉንም አረካቸው፤ ምክንያቱም ቀላል መልስ ነው።

ሃያሲው «ውሸቱ የጀመረው ከኮነር ወላጆች ፊት ነው» ይላል። እኔ ደግሞ የመጀመሪያው ውሸት «ከዛፍ ወድቄ ነው» የሚለው ነው እላለሁ። ያንን ውሸት በጊዜው የሚያጋልጥ አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ ሌላው ሁሉ ባልመጣ ነበር። እናንተ ግን በኋለኛው ውሸት ስትፈርዱ የመጀመሪያውን ረሳችሁት።

እኔም አላጣራሁም

ይህን የምለው ከሌላው ተሽዬ አይደለም። ሥራ በጀመርኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እኔ ጋ መጣች። (ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ።) አንዴ ራስ ምታት፣ አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ «ደረቴን ይጨንቀኛል»። የደም ምርመራ አዘዝኩ፤ ደህና ነው። የሰገራ ምርመራ አዘዝኩ፤ ኤች ፓይሎሪ ተገኘ። ምክንያቱን አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ፣ መድኃኒት ጻፍኩ። «ቁርስ ትበያለሽ? በርበሬ ታበዣለሽ? ፈተና ደርሷል እንዴ?» ብዬም ጠየቅኳት። እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው ስለነበር ለሁሉም የመለሱት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ መሬት መሬት ታይ ነበር። አይቻለሁ። ውጭ ግን ረጅም ወረፋ ነበር።

አራተኛ የመጣችው በድንገተኛ ክፍል በኩል ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች። ስትነቃ አጠገቧ ቆሜ «መኖር ያስጠላሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። «እርስዎ ጋ መጀመሪያ ከመምጣቴ በፊት» አለችኝ።

ያንን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ልጠይቃት እችል ነበር። እናቷን «ለአምስት ደቂቃ ውጭ ይጠብቁን» ለማለት ድፍረት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። «የፈረንጅ ልጆች ቅብጠት ነው» ለሚለው አባት መልሴ ይህቺ ልጅ ናት። ትያትር አይታ አታውቅም፤ ብሮድዌይ የት እንዳለም አታውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይህ ነው። አብዛኛው ሞት የሚደርሰውም በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ይህ የፈረንጅ በሽታ አይደለም። የኛ ልጆች ጨጓራ ብለው ይመጣሉ፤ እኛም ጨጓራ ብለን እንመልሳቸዋለን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። እውነት ነው። ግን ተረቱ ሸክሙን ሁሉ የሚያሸክመው ታማሚውን ነው። ልጁ የደበቀው የሚጠይቀው ስላጣስ ቢሆን?

«ብንጠይቃቸው ሐሳቡን አንሰጣቸውም?»

ይህ የብዙ ወላጅ ፍርሃት ነው፤ የብዙ ሐኪምም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2005 በኒውዮርክ ግዛት 6 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ2,300 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ታትሟል። ለግማሾቹ ራስን ስለማጥፋት የሚጠይቅ መጠይቅ ተሰጠ፣ ለግማሾቹ አልተሰጠም። የተጠየቁት አልተረበሹም፣ ስለ መሞት የማሰብ ነገርም አልጨመረባቸውም። ይልቁንም ከተጠየቁት መካከል ድባቴ (ዲፕሬሽን) የነበረባቸውና ቀድሞ ሙከራ ያደረጉት ካልተጠየቁት መሰሎቻቸው ያነሰ ጭንቀት ታየባቸው። ሐሳቡ የሌለበት ልጅ «ኧረ እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ብሎ ያልፋችኋል። ያለበት ልጅ ግን የሚያየው ሰው ማግኘቱን ያውቃል።

ታዲያ ትያትርና ፊልም ምንም ጉዳት የለውም ማለቴ ነው? አይደለም። የእናቲቱ ስጋት ከባዶ ሜዳ አልመጣም። የጀርመኑ ደራሲ ጎተ በ1774 ራሱን ስላጠፋ ወጣት ልብ ወለድ ሲያሳትም አንዳንድ ወጣቶች ተከትለውታል ተብሎ መጽሐፉ በአንዳንድ የአውሮፓ ከተሞች ታግዶ ነበር። ዛሬም ተመራማሪዎች ይህን መሰል መዛመት በዚያ መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕርይ ስም «የቬርተር ውጤት» ይሉታል። በ2017 ኔትፍሊክስ ስለ አንዲት ራሷን ስላጠፋች ተማሪ የሚናገር ተከታታይ ፊልም አውጥቶ ነበር። ፊልሙ በወጣ ማግስት በአሜሪካ ከ10 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ ራስን ማጥፋት ከሚጠበቀው በላይ ጨምሮ እንደነበር ጥናት አሳይቷል። መንስኤው ፊልሙ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ባይቻልም፣ ድርጊቱን በዝርዝር የሚያሳየው ትዕይንት በ2019 ተቆርጦ ወጥቷል። በትክክል ተደርጓል እላለሁ።

ግን የዚህ ተቃራኒም አለ፤ ስሙም ከሙዚቃዊ ትያትር የመጣ ነው። በሞዛርት የ1791 ኦፔራ ውስጥ ፓፓጌኖ የሚባል ሰው ፍቅሩን ያጣ መስሎት ሊሞት ሲል ሦስት ልጆች ደርሰው ሌላ መንገድ እንዳለው ያስታውሱታል፤ ይተርፋል። ቪየና የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2010 ተስፋ ቆርጦ የነበረ ሰው እንዴት እንደተሻገረው የሚተርክ ዘገባ ሕይወት ከማዳን ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አሳይተው «የፓፓጌኖ ውጤት» አሉት። በ2017 አሜሪካዊው ራፐር ሎጂክ የእርዳታ መስመሩን ስልክ ቁጥር ርዕስ ያደረገ ዘፈን አወጣ። በኋላ በተሠራ ጥናት ዘፈኑ መነጋገሪያ በሆነባቸው 34 ቀናት ወደ መስመሩ የገቡ ጥሪዎች ከሚጠበቀው በ9,915 በልጠው፣ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ደግሞ በ245 አንሰው ተገኝተዋል።

ስለዚህ ጥያቄው «ይነሳ ወይስ አይነሳ?» አይደለም። እንዴት ይነሳ ነው። መንገዱን በዝርዝር እያሳዩ ነው ወይስ መውጫውን እያሳዩ? ልጁ ብቻውን በስልኩ ነው የሚያየው ወይስ አጠገቡ ሰው አለ?

ትያትሩን የምወቅስበት

ሃያስያኑን ስለወቀስኩ ትያትሩ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። እንደ ሐኪም ሦስት ነገር ከንክኖኛል።

የመጀመሪያው ኮነር ነው፤ እዚህ ላይ ተቺዎቹ ልክ ናቸው። ኮነር ይጮሃል፣ በር ይደበድባል፣ እህቱን ያስፈራራል። ድባቴ በአዋቂ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ሐዘን ሆኖ ሲታይ በአፍላ ወጣት ላይ ቁጣና ብስጭት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ኢቫን ዝምተኛ ስለሆነ አልታየም፤ ኮነር ተቆጪ ስለሆነ ተፈራ። ትያትሩ የዝምተኛውን ልብ ከፍቶ ሲያሳየን የተቆጪውን ዘግቶ ቀበረው። ቤታችሁ ያለው «ባለጌ»፣ «አስቸጋሪ»፣ «ምን እንደነካው አላውቅም» የምትሉት ልጅ ኮነር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መድኃኒቱ ነው። ኢቫን መድኃኒቱን እንዳቆመ ለእናቱ ይነግራል፤ ደህና ነኝ ይላል፤ ጉዳዩም በዚያው ያልፋል። እባካችሁ ይህን ከትያትር አትማሩ። የድባቴና የጭንቀት መድኃኒት «ተሻለኝ» ተብሎ በአንዴ አይቆምም። መቀነስም ማቆምም ካዘዘው ሐኪም ጋር ተመካክሮ ነው።

ሦስተኛውና በጣም የሚያስፈራኝ ደግሞ ይህ ነው። ኮነር የተወደደው ከሞተ በኋላ ነው። ስሙ የተጠራው፣ ፎቶው የተለጠፈው፣ ዘመቻው የተቋቋመለት ሲሞት ነው። ብቸኝነት የሚያሠቃየው ልጅ ይህን አይቶ «እኔም ብሞት እንዲህ ይወዱኛል» ቢል ስህተቱ የልጁ አይደለም። የማስተካከያው ቃል ከወላጅ አፍ መውጣት አለበት፦ «ልጄ፣ ኮነር ይህን ሁሉ ፍቅር አላየውም። አንተን ግን አሁን፣ እያየኸኝ ነው የምወድህ።»

ሃይዲን ለምትመስሉ እናቶች

ብዙ ሰው የኢቫንን እናት ይወቅሳል፤ «የት ነበረች?» ይላል። ሥራ ላይ ነበረች! አሜሪካና አውሮፓ በአረጋውያን መንከባከቢያና በሆስፒታል ሁለት ፈረቃ የምትሠሩ፣ ቤሩትና ዱባይ ሆናችሁ ልጃችሁን በቪዲዮ የምታሳድጉ እህቶቼ ሃይዲን ታውቋታላችሁ። ሃይዲ ልጇን ትወዳለች፣ ትጠይቀዋለችም። «በላህ? ደብዳቤውን ጻፍክ? መድኃኒትህ አላለቀም?» ትላለች። የጎደላት ፍቅር አይደለም፣ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤት መዋል አይጠይቅም፤ የሚፈልገው አሥር ደቂቃ ነው። አባቶችም እዚህ አላችሁ፤ የኢቫን አባት በመድረኩ ላይ የለም። እናንተ ግን ይህን እያነበባችሁ ነው።

እንዴት ልጠይቅ?

1. ፊት ለፊት አፍጥጣችሁ ሳይሆን ጎን ለጎን ሆናችሁ ጀምሩ፤ መኪና ውስጥ፣ ሽንኩርት ስትከትፉ፣ በእግር ስትሄዱ።

2. ካያችሁት ተነሱ። «ሰሞኑን እንቅልፍ አጥተሻል፣ ከጓደኞችሽም ርቀሻል። ምን ገጠመሽ?» በሉ። «ምን ጎደለሽ?» አትበሉ፤ እሱ ክስ ነው።

3. «ምንም»፣ «ደክሞኝ ነው»፣ «ከዛፍ ወድቄ ነው» የሚል መልስ ሲመጣ አትሂዱ። ቆዩ፣ ዝም በሉ፣ ከዚያ እንደገና ጠይቁ።

4. ካሰጋችሁ በግልጽ ጠይቁ። «አንዳንድ ሰው በጣም ሲከፋው መሞት ይመኛል። አንተስ እንዲህ አስበህ ታውቃለህ?» ቃሉን አትፍሩት።

5. «አዎ» ካለ አትጩሁ፣ አትስበኩ፣ «እኔን እንዲህ ታደርገኛለህ?» አትበሉ። «ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ። ብቻህን አይደለህም፣ አብረን እንሄዳለን» በሉ። ጸሎቱም ጠበሉም ለምታምኑበት ይኑር፤ ሕክምናውን ግን አይተካ።

6. ያን ጊዜ ልጁን ብቻውን አትተዉት። ቤት ያለውን መድኃኒት፣ የፀረ ተባይ ኬሚካልና የጦር መሣሪያ እሱ ከማይደርስበት አርቃችሁ ቆልፉ። በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታልና ሌሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ። አሜሪካና ካናዳ ያላችሁ 988፣ እንግሊዝ ያላችሁ 116 123 ደውሉ።

7. ሐኪም ጋ ስትመጡ «ከልጄ ጋር ብቻችሁን ተነጋገሩ» በሉና ውጡ። አንዳንዴ እኛ ለመጠየቅ እንፈራለን፤ አግዙን።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። አፍላ ወጣት ምክንያቱ በማይገባ ስብራት፣ በተደጋጋሚ ራስ ምታት ወይም በጨጓራ ሲመጣ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቁ። ወረፋው ይረዝማል፤ አውቃለሁ። ይርዘም።

ወደ ጻፈችልኝ እናት ልመለስ

እህቴ፣ ዘፈኑን አታጥፊው። ብታጠፊው ነገ ሌላ ስልክ ላይ ታዳምጠዋለች፤ ልዩነቱ አንቺ አለማወቅሽ ብቻ ነው። ይልቅ ከሥራ ስትመለሺ አጠገቧ ተቀመጪና «እስቲ አስሚኝ፣ የትኛውን ነው የምትወጂው?» በያት። ከዚያ «ኢቫን ውሸታም ነው አይደል?» እንዳትያት። ሃያስያኑ ብለውታል፣ አንቺ አትድገሚው። «ኢቫንን ስታዪ ራስሽን ታዪያለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። መልሷን እስከ መጨረሻ ስሚ። ስትጨርስ ደግሞ ሁለተኛውን ጠይቂ።

ኢቫን በትያትሩ መጨረሻ እንዴት እንደወደቀ ለእናቱ ነግሯታል። ነግሯት አልሞተባትም፣ እሷም ትታው አልሄደችም። እኔ ግን ልጆቻችሁ እስከ ታሪኩ መጨረሻ ድረስ እንዲጠብቁ አልፈልግም።

ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። ልጅ ላለው ሁሉ ሼር አድርጉለት። ከሁሉ በላይ ግን ስልኩን አስቀምጣችሁ ወደ ልጃችሁ ክፍል ሂዱ። ኮሜንት ላይ የልጆቻችሁን ስምና ምስጢር አትጻፉ፤ በውስጥ መስመር አነባችኋለሁ።

ጤና ይብዛላችሁ!